የእጅ ስልክ ዋይፋይ ድራይቨር ታሪክና ለሙያችን ያለው ትምህርት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የጦር ኃይሎች ሠፈር፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅና ምዕራብ የቀላል ባቡር መስመር መዳረሻ ጣቢያ ያለበት፣ ወደ ኮልፌና ወደ አየር ጤና የሚሄደውም መንገደኛ የሚተላለፍበት ሥፍራ ነው። መንገደኛ በሚበዛበት ቦታ ሁሉ እንደሚታየው፣ በዚህም አካባቢ የእጅ ስልክ የሚሸጡና የሚጠግኑ ሱቆች ይገኛሉ። ለጠጋኞቹ ዘወትር ከሚቀርቡላቸው አቤቱታዎች አንዱ «ዋይፋዩ አልበራ አለኝ» የሚል ነው። ጠጋኙ ስልኩን ፈትቶ ሲመለከት አንዳንድ ጊዜ የቺፑ ብየዳ ከቦርዱ ለቅቆ ያገኘዋል፤ ይህንንም በትኩስ አየር አሙቆ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሌላ ጊዜ ግን ቺፑ ደኅና፣ አንቴናው ደኅና፣ ባትሪውም ደኅና ሆኖ ሳለ ሬዲዮው ጨርሶ አይሰማም። ባለ ስልኩ «ተበላሽቷል» ይላል። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ግን ከዕቃው የተሰበረ ነገር የለም፤ የጠፋው ወይም የተዛባው በቺፑና በስልኩ ዋና ፕሮግራም መካከል ቆሞ ቃል የሚያቀባብለው ሥርዓት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ሥርዓት በእጅ ስልክ ውስጥ እንዴት ሊገባ እንደቻለ፣ በማን ድካምና በምን ዓይነት አሠራር እንደተገኘ ለሙያ ባልደረቦች ማስረዳት ነው። ታሪኩ የተፈጸመው አብዛኛውን በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ በየኪሳችን የሚገኝ ስለሆነ፣ የሌላ አገር ወሬ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አስቀድሞ ሊገለጽ የሚገባው ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ ተዘግቶ የነበረው በር በመጨረሻ የተከፈተው በአንድ ሊቅ ብልሃት ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው አንድ የማይታወቅ ሰው ከሩቅ መጥቶ ሊቀጥለው በሚችልበት ሁኔታ ተከፋፍሎና ተጽፎ በመቀመጡ ነው።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ቀድሞ በቤተ መንግሥታችን ሥርዓት ንጉሡ ቃሉን በቀጥታ ለባለ ጉዳዩ አያሰማም ነበር። ቃሉን ተቀብሎ የሚናገርለት፣ ኋላም ማዕረጉ የዋና ዳኛነት የሆነው፣ አፈ ንጉሥ ነበር። በኮምፕዩተርም ሆነ በዘመናዊው የእጅ ስልክ ውስጥ ያለው አሠራር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሥርዓተ ክወና የሚባለው ዋና ፕሮግራም፣ በተለይም ከርነል ተብሎ የሚታወቀው ውስጠኛው ክፍሉ፣ እያንዳንዱን ቺፕ በየቋንቋው አያናግርም። ለእያንዳንዱ ቺፕ አንድ አፈ ንጉሥ ያስፈልገዋል፤ ይህም ድራይቨር ይባላል። አፈ ንጉሡ ከሌለ ንጉሡም ባለ ጉዳዩም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነው ሳይግባቡ ይቀራሉ።

የዋይፋይ ሬዲዮ በስልክ ውስጥ እንዲሠራ አራት ነገሮች ባንድነት መገኘት አለባቸው። አንደኛው ቺፑ ራሱ ነው። ሁለተኛው ፈርምዌር የሚባለው፣ በቺፑ ውስጥ ባለች ትንሽ የሥሌት ክፍል ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በብዙዎቹ ስልኮች ቺፑ ይህን ፕሮግራም ለዘለቄታው የሚያኖርበት ማኅደር ስለሌለው፣ ሬዲዮው በበራ ቁጥር ከስልኩ ማኅደር ተወስዶ እንደገና ሊጫንበት ይገባል። ሦስተኛው የልኬት መረጃ ነው። ከአንድ ፋብሪካ ባንድ ቀን የወጡ ሁለት ሬዲዮዎች እንኳ በኃይልም በድግግሞሽም ፍጹም አንድ ስለማይሆኑ፣ ፋብሪካው እያንዳንዱን ስልክ ለክቶ ማስተካከያውን በዚያው ስልክ ማኅደር ውስጥ ይጽፍለታል። አራተኛው እነዚህን ሁሉ የሚያገናኘው፣ ፈርምዌሩን የሚጭነው፣ ልኬቱን የሚያቀብለው፣ ከዚያም መልእክት የሚያመላልሰው ድራይቨር ነው። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ሬዲዮው ዝም ይላል። ከላይ የተጠቀሰው አቤቱታ ምክንያቱ ብዙ የሆነውም ስለዚህ ነው።

የተዘጋው በር

በአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 የተወሰኑ የሬዲዮ ድግግሞሾችን፣ ከእነዚህም መካከል 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት በአነስተኛ ኃይል ለመጠቀም እንዲቻል አደረገ። ይህን ተከትሎ ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ገመድ አልባ የኮምፕዩተር መገናኛ መሥራት ጀመሩ። የመሣሪያዎቹ ቋንቋ እንዲስማማ የአሜሪካ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 802.11 የተባለውን ደረጃ አወጣ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ወደ 11 ሜጋቢት ከፍ ብሎ ዋይፋይ በሚል የንግድ ስም በዓለም ተዛመተ። የእጅ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ነበር።

ደረጃው በሬዲዮው በኩል ያለውን ቋንቋ ወሰነ እንጂ፣ ቺፑ ከኮምፕዩተሩ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ አልወሰነም። ይህ ለእያንዳንዱ አምራች የተተወ ነበር። አምራቾቹም ብዙ ገበያ ላለው የዊንዶውስ ሥርዓተ ክወና ድራይቨር አዘጋጅተው ሰጡ፤ የቺፑን የአሠራር መግለጫ ግን ደበቁ። ለዚህ ይሰጡ የነበሩት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ተፎካካሪ እንዳይቀዳባቸው ነው። ሁለተኛው፣ ተጠቃሚው የሬዲዮውን ኃይልና ድግግሞሽ ከተፈቀደው ወሰን አልፎ እንዳይለውጥና ከተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ጋር እንዳያጋጫቸው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከቁም ነገር የሚገባ ቢሆንም፣ ሁሉን ነገር ለመዝጋት ግን በቂ አልነበረም።

እዚህ ላይ ከቀድሞው ዘመን መሣሪያ ጋር ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ፊደል ለማዋል በደከሙበት ጊዜ፣ የመኪናው ክዳን ሲነሣ ዘንጉም፣ መዶሻውም፣ ጥብጣቡም በዓይን ይታይ ነበር። ብልህ ሰው ዓይቶ ይረዳል፤ ተረድቶም ይለውጣል። ቺፕ ግን ክዳን የለውም። በላዩ ላይ የታተመው ቁጥር ብቻ ነው። አሠራሩ በወረቀት ካልተገለጸ በቀር ባለቤቱ የገዛው ዕቃ ለራሱ ለባለቤቱ ምሥጢር ሆኖ ይኖራል።

በሊኑስ ቶርቫልድስ፣ በዚያን ጊዜ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረ ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሊኑክስ የተባለው ከርነል ይህ ችግር በጣም ያጠቃው ነበር። ሊኑክስ ማንም ሰው ምንጩን አንብቦ ሊያሻሽለው የሚችል፣ ነገር ግን አሻሽሎ ለሌላ የሚሰጥ ሁሉ ምንጩንም አብሮ እንዲሰጥ ጂፒኤል በተባለው የፈቃድ ውል የሚያስገድድ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ በሸጠው ደብልዩአርቲ54ጂ በተባለ የዋይፋይ ማሠራጫ ውስጥ ሊኑክስ እንዳለ ተደረሰበት። ውሉን የሚያውቁ ሰዎች ምንጩ እንዲሰጥ ጠየቁ፤ ኩባንያውም አወጣው። ከዚህም ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው የማሠራጫ ሥርዓተ ክወና በዓመቱ ተወለደ። ሆኖም ከወጣው ሁሉ አንድ ክፍል ተለይቶ ቀረ። የብሮድኮም ኩባንያ ቺፕ የሬዲዮ ድራይቨር ምንጩ ሳይገለጥ፣ ማሽን ብቻ በሚያነብበው ቅርጽ ታስሮ ቆየ። ቤቱ ተከፍቶ ዕቃ ግምጃው ተቆለፈ ማለት ነው።

ሁለቱ ቡድኖች

የብሮድኮም ቺፕ በዚያ ዘመን በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ይገኝ ስለነበር፣ ሊኑክስን የሚጠቀም ሰው የዋይፋይ ሬዲዮው ሞቶ ይቀርበት ነበር። አንዳንዶች ለዊንዶውስ የተሠራውን ድራይቨር በሊኑክስ ውስጥ የሚያስኬድ መሸፈኛ ፕሮግራም ሠርተው ጊዜያዊ መፍትሔ አገኙ። ይህ ግን ምሥጢሩን ከነመሸፈኛው መሸከም እንጂ መረዳት አልነበረም።

ቁርጥ ያለውን መንገድ የያዙት ሥራውን ለሁለት የከፈሉት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቡድን የታሰረውን ድራይቨር ከማሽን ቋንቋ ወደ ኋላ እየተረጎመ፣ ቺፑ የትኛው ቁጥር በየትኛው ቦታ ሲጻፍለት ምን እንደሚሠራ በተራ ቋንቋ መዝግቦ አወጣ። ሁለተኛው ቡድን የታሰረውን ድራይቨር ጨርሶ ሳያይ፣ ከዚህ መግለጫ ብቻ ተነሥቶ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። በዚህ አኳኋን «የእኔን ጽሑፍ ቀዳችሁ» የሚል ክስ እንዳይነሣ ከመነሻው በሩን ዘጉት። ድራይቨሩ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2006 አጋማሽ በወጣው የከርነሉ 2.6.17 ዕትም ውስጥም ገባ። ፈርምዌሩን ለማከፋፈል ፈቃድ ስላልነበረ ግን፣ ተጠቃሚው ራሱ ከአምራቹ ድራይቨር ውስጥ እየቆረጠ እንዲያወጣ የሚረዳ ትንሽ መሣሪያ ተዘጋጀለት።

በዚህ ሥራ ከ2005 ጀምሮ ከተሳተፉት አንዱ ዶክተር ላሪ ፊንገር ናቸው። እኚህ ሰው በሙያቸው የክሪስታል አወቃቀር ተመራማሪ የነበሩና በዕድሜ የገፉ ናቸው እንጂ፣ የቺፕ ኩባንያ ተቀጣሪ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2024 በ84 ዓመታቸው እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ለሊኑክስ ከርነል ከአንድ ሺህ በላይ ማሻሻያዎችን አበርክተዋል። ከዚህም በላይ ለጀማሪዎች ጥያቄ በትዕግሥት መልስ በመስጠት የታወቁ ነበሩ። ጡረታ የወጣ ሰው በፈቃዱ የደከመበት ሥራ በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፕዩተሮች ውስጥ ይገኛል።

የጋራው አካል

ከዚህ ቀጥሎ የተወሰደው እርምጃ ብዙ ያልተነገረለት፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። እስከ 2007 ድረስ አብዛኛው የዋይፋይ ድራይቨር የ802.11ን ሕግ ሁሉ ለየራሱ ይዞ ይዞር ነበር። ወደ ማሠራጫው መግባትን፣ የምሥጢር ቁልፍ መለዋወጥን፣ የፍጥነት ምርጫን እያንዳንዱ ድራይቨር በየራሱ መንገድ እንደገና ይሠራዋል። ስለሆነም በአንዱ የተስተካከለው ስሕተት በሌላው ይኖራል፤ አንዱን ያወቀ መሐንዲስ ሌላውን ለማንበብ ከፊደል ገበታ መጀመር ግድ ይሆንበታል።

ይህ ዓይነቱ ችግር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በኮምፕዩተር መጻፍ በተጀመረባቸው ዓመታት፣ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የራሱን የቁጥር አሰጣጥ ይከተል ስለነበር፣ በአንዱ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ እንደነበር ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ የደረሰባቸውም ባልደረቦች አሉን። የችግሩ መፍትሔ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 የዩኒኮድ ዕትም ውስጥ የግዕዝ ፊደል የጋራ ቁጥር ባገኘ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደል የሚቀርጽ ሰው ስለ ቅርጹ ብቻ፣ የቁልፍ ሰሌዳ የሚሠራም ስለ አጻጻፉ ብቻ ማሰብ ቻለ።

በዋይፋይም የሆነው ይኸው ነው። ዴቫይስስኬፕ የተባለ ኩባንያ የሠራውን የጋራ የ802.11 አካል በጂፒኤል ውል ለሕዝብ ሰጠ። የሊኑክስ ሰዎችም አርመውና አስተካክለው ማክ80211 በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 2.6.22 ዕትም ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በኋላ አዲስ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው የሬዲዮውን ሕግ ሁሉ መድገም ቀረለት፤ የሚቀረው የዚያን ቺፕ ልዩ ጠባይ ብቻ መግለጽ ሆነ። አምራቾችም መንገዱን ማየት ጀመሩ። አቴሮስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ የጋራ አካል ላይ የተመሠረተ ምንጩ የተገለጠ ድራይቨር ራሱ አወጣ። ለዓመታት በሩን ዘግቶ የቆየው ብሮድኮምም በ2010 የራሱን ምንጭ አሳተመ።

ወደ እጅ ስልክ

የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ በኤችቲሲ የተሠራውና በአሜሪካ ጂ1 በሚል ስም የተሸጠው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ወጣ። ሥርዓተ ክወናው አንድሮይድ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ከርነል ሊኑክስ ነው። የዋይፋይ ቺፑ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሥራ የሆነው ደብልዩኤል1251 ነበር። ለዚህ ቺፕ አብሮት የመጣው የአምራቹ ድራይቨር ምንጩ የታተመ ነበር። ሆኖም የራሱን የ802.11 አካል በሙሉ ተሸክሞ የሚመጣ ትልቅ ሥራ ስለነበረ፣ ከሊኑክስ ዋና ከርነል ጋር ሊዋሐድ አልቻለም። ከዚህ የምንረዳው ምንጭ መገለጡ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። የተገለጠው ነገር ከሌላው ጋር በሚገጣጠም ቅርጽ ካልተሠራ፣ ክፍት ሆኖም ብቻውን ይቀራል።

በዚያው ጊዜ ኖኪያ ኩባንያ በፊንላንድ ኤን900 የተባለውን በሊኑክስ የሚሠራ ስልክ ያዘጋጅ ነበር። በዚህም ስልክ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ቺፕ ደብልዩኤል1251 ነው። የኖኪያው መሐንዲስ ካሌ ቫሎ ለዚህ ቺፕ በማክ80211 ላይ የተመሠረተ አዲስ ድራይቨር ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ዋናው ከርነል አስገባ። ስልኩም በዚያው ዓመት መጨረሻ ለገበያ ቀረበ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ፣ ቺፑ አንድ ከሆነ የኖኪያው ድራይቨር ለጂ1 ለምን ወዲያው አልሠራም የሚል ነው። መልሱ በሽቦው ላይ ነው። በኤን900 ውስጥ ቺፑ ከዋናው የሥሌት ክፍል ጋር የሚገናኘው ኤስፒአይ በተባለ ቀላል ተከታታይ መስመር ነው። በጂ1 ውስጥ ግን የሚገናኘው ኤስዲአይኦ በተባለ፣ ከማኅደረ ካርድ አሠራር በተወረሰ መስመር ነው። ዋናው የሥሌት ክፍልም በአንዱ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ በሌላው የኳልኮም ነው። ስለዚህ ቺፑ ተመሳሳይ ቢሆንም ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ የተለየ ነበር።

ይህን ክፍተት የሞላው ቦብ ኮፕላንድ የተባለ የሊኑክስ ድራይቨር ጸሐፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖኪያውን ድራይቨር ወስዶ መስመሩን የሚመለከተውን ሁሉ ከዋናው አካል ለየው። ከቺፑ ማንበብ፣ ወደ ቺፑ መጻፍ፣ ቺፑን ዳግመኛ ማስነሣት፣ «መልእክት መጥቷል» የሚለውን የቺፑን የጥሪ ምልክት መክፈትና መዝጋት፤ እነዚህ ተግባራት ብቻ በመስመሩ ጠባይ የሚለወጡ ናቸው። የቀረው፣ ፈርምዌሩን በየቁርጥራጩ መጫን፣ የልኬት መረጃውን ማስገባት፣ ከማክ80211 ጋር መነጋገር፣ ለሁለቱም ስልኮች አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ለኤስዲአይኦ የሚያስፈልገው አዲስ ጽሑፍ ጥቂት መቶ መስመሮች ብቻ ሆነ። በዚህም አኳኋን በፊንላንድ ለአንድ ስልክ የተጻፈ ድራይቨር፣ በሌላ ኩባንያ ለተሠራ፣ በሌላ የሥሌት ክፍል ለሚሠራ ስልክ አገለገለ።

የሥራውን መጠን በትክክል መገመት ይገባል። ጥቂት መቶ መስመር ለአንድ ሠልጣኝ መሐንዲስ የማይደፈር ተራራ አይደለም። ነገር ግን እነዚያን ጥቂት መስመሮች በቂ ያደረጋቸው ከበስተኋላቸው የነበረው የሌሎች ሰዎች ልፋት ነው፤ የዴቫይስስኬፕ ስጦታ፣ የማክ80211 አራሚዎች ትጋት፣ የኖኪያ መሐንዲስ ንጹሕ አጻጻፍ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌያችን በዚህ ታሪክ ቃል በቃል የተፈጸመ ያህል ነው።

ከዚያ ወዲህ

ስልኮች እየበዙ ሲሄዱ ግን ታሪኩ ቀጥ ባለ መንገድ አልተጓዘም። የስልክ አምራቾች አንድ የተወሰነ የከርነል ዕትም ወስደው፣ የቺፕ አምራቹን ጽሑፍ ጨምረውበት፣ ስልኩ ከተሸጠ በኋላ በዚያው ዕትም ላይ ትተውት ይሄዱ ጀመር። ዋናው ከርነል ወደ ፊት ሲራመድ የስልኩ ከርነል ባለበት ይቀራል። ጉግል ይህን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2017፣ በአንድሮይድ 8፣ የቺፕ አምራቹን ክፍል ከዋናው የአንድሮይድ አካል የሚለይ ሥርዓት አወጣ። መለየት የሚጠቅም መሆኑን ኩባንያዎችም ዘግይተው መረዳታቸውን ይህ ያመለክታል።

ድራይቨሩና ፈርምዌሩ ባሉበት ሲቆሙ የሚያስከትሉት ጉዳት በዚያው በ2017 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት ተመራማሪዎች በብሮድኮም የስልክ ዋይፋይ ፈርምዌር ውስጥ፣ በአቅራቢያ ያለ ሰው ባለ ስልኩ ምንም ሳይነካ በሬዲዮ ብቻ ወደ ቺፑ ሊገባ የሚችልበት ቀዳዳ መኖሩን ይፋ አደረጉ። በጥቅምት ወር ደግሞ በዋይፋይ የምሥጢር ቁልፍ አለዋወጥ ላይ ክራክ የተባለው ድክመት ተገለጠ። ማስተካከያ ተሠርቶ ወጣ። የአምራቹ ድጋፍ የተቋረጠባቸው ስልኮች ግን ማስተካከያው ሳይደርሳቸው ቀሩ።

የተተዉትን ስልኮች ለማዳን የሚደረገው ሙከራም ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዩጂን ክራስኒኮቭ የተባለ መሐንዲስ በብዙ የኳልኮም ስልኮች ውስጥ ለሚገኝ የዋይፋይ ቺፕ በማክ80211 ላይ የቆመ ድራይቨር አቀረበ። በ2017 የተጀመረው ፖስትማርኬትኦኤስ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ፣ አንድ ስልክ አሥር ዓመት ሊያገለግል ይገባዋል ከሚል ዓላማ ተነሥቶ፣ አሮጌ ስልኮችን በዋናው የሊኑክስ ከርነል እንዲሠሩ ያደርጋል። አንድ አሮጌ ስልክ ተመልሶ ጥቅም የሚሰጠው ዋይፋዩ ሲነሣ ስለሆነ፣ የዋይፋይ ድራይቨር በሥራው ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው።

ለእኛ ያለው ትምህርት

አገራችን የስልክ ቺፕ አታመርትም። እ.ኤ.አ. በ2011 የቴክኖ ስልክ ባለቤት የሆነው ትራንሽን ኩባንያ መገጣጠሚያ ካቋቋመ ወዲህ ስልክ በአገር ውስጥ ይገጣጠማል፤ ነገር ግን ቺፑም ድራይቨሩም ከውጭ የሚመጣ ነው። በገበያችን የሚበዙት ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች በአብዛኛው የሚዲያቴክ ወይም የዩኒሶክ ቺፕ ያለባቸው ናቸው። በአራተኛው ትውልድ በ2007 ዓ.ም.፣ በአምስተኛው ትውልድ በ2014 ዓ.ም. አገልግሎት የተጀመረባት አዲስ አበባ፣ መገናኛዋ እየፈጠነ ሲሄድ በኪስ ያለው መሣሪያ ዕድሜ የሚወሰነው በሩቅ አገር ባለ የድጋፍ ውሳኔ ነው። ስልክ ለመለወጥ የብዙ ወር ቁጠባ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ በእጃችን ያለው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ከአራቱ ክፍሎች አንዱ የሆነው የልኬት መረጃ በጥገና ጊዜ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። የሚዲያቴክ ቺፕ ያለበትን ስልክ ሶፍትዌር እንደ አዲስ ሲጭኑ «ፎርማት» የሚለውን ምርጫ ያለ ጥንቃቄ መጠቀም፣ ፋብሪካው የጻፈውን የልኬት መረጃ ከስልኩ መለያ ቁጥር ጋር አብሮ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ በዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ «ኤንቪራም ዋርኒንግ» የሚል እውነተኛ ያልሆነ የማሠራጫ ስም ብቅ ይላል። ብዙ ጠጋኞች ይህን ምልክት ያውቁታል፤ የብዙዎች ጥያቄ ግን ምን ማለት እንደሆነ ነው። ምልክቱ ድራይቨሩ «ልኬቱን አጣሁት» ብሎ የሚያሰማው ጩኸት ነው። በኤን900 ድራይቨር ውስጥ የልኬት መረጃ ለብቻው ፋይል ሆኖ የተቀመጠበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር አንድ ነው። መድኃኒቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኤንቪራም የሚባለውን የማኅደር ክፍል ቀድቶ በደንበኛው ስም ማስቀመጥ ነው። ይህ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ በኋላ የሚከተለውን ኪሣራ ያድናል።

ሁለተኛው ግዢን ይመለከታል። መሥሪያ ቤቶች በብዛት ስልክ፣ ታብሌት ወይም የዋይፋይ ማሠራጫ ሲገዙ የጨረታው ሰነድ ስለ ዋጋና ስለ ማኅደር መጠን እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ድጋፉ ስንት ዓመት እንደሚቆይና የሬዲዮ ቺፑ ድራይቨር በዋናው ከርነል ውስጥ መኖር አለመኖሩን ሊጠይቅ ይገባል። ጥያቄው ወጪ የለውም። መልሱ ግን መሣሪያው ሦስት ዓመት ወይም አሥር ዓመት እንደሚያገለግል አስቀድሞ ያመለክታል።

ሦስተኛው ትምህርትን ይመለከታል። የደብልዩኤል1251 ድራይቨር ምንጭ ለማንም ክፍት ነው። በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ተማሪ ሊያነብበውና ሊረዳው የሚችል መጠን አለው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ርእስ ሲፈልጉ፣ በዙሪያቸው በብዛት ከሚገኙት ስልኮች የአንዱን ቺፕ መርጠው የትኛው ክፍል ተገልጧል፣ የትኛውስ ተደብቋል ብለው መግለጫ ቢጽፉ፣ የመጀመሪያውን ቡድን ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ሁለተኛውን ቡድን የሚሆን ሰው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሌላ አገር ሊመጣ ይችላል።

የመጨረሻውና ዋናው ግን የአሠራር ልማድን ይመለከታል። በየመሥሪያ ቤታችን ብዙ ችሎታ ያለው ፕሮግራምና መሣሪያ ይሠራል። የሠራው ሰው ሲዛወር ወይም ሲለቅ ግን ሥራው አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪው ያንኑ ከሥሩ ይጀምራል። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። ሥራው ተከፋፍሎ፣ የጋራው ከልዩው ተለይቶ፣ በግልጽ ተጽፎ ስለማይቀመጥ ነው። ከላይ የተተረከው ታሪክ ካለው ጥቅም ሁሉ የሚበልጠው በዚህ ላይ የሚያሳየን ነው። የኖኪያ መሐንዲስ ድራይቨሩን ሲጽፍ ሌላ ሰው ለሌላ ስልክ እንደሚያውለው አያውቅም ነበር። ያም ሆኖ በጋራው አካል ላይ ስለጻፈውና ምንጩን ስላስቀመጠው ሌላው ሰው ጥቂት መቶ መስመር ጨምሮ ሥራውን ቀጠለ።

ከሠራነው ሥራ ውስጥ ምን ያህሉ ለማናውቀው ሰው እንዲህ ተመቻችቶ ተቀምጧል? በምናጠናቅቀው እያንዳንዱ ሥራ መጨረሻ ላይ ይህን ጥያቄ ለራሳችን ብናቀርብ፣ የሚከተለን መሐንዲስ ሥራውን ከእኛ ካቆምንበት ይጀምራል። ለሙያው ከምናስረክበው ቅርስ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ብዙ አይገኝም።